የዳኘው አጥር

ማሪቱ ያንን ቀበቶ በውሻዋ አንገት ላይ ከማሰሯ በፊት በራሷ እጅ ሞከረችው። ሙነወር “ተዉ እትዬ ማሪቱ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አይገድልም” ቢላት አልሰማችውም። ሁለቱን የብረት ጥርሶች መዳፏ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ ወደ ተቀበረው ሽቦ ተራመደች። መጀመሪያ ጢጥ ጢጥ አለ። አንድ እርምጃ ስትጨምር እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ነዘራትና “ውይ በሞትኩት!” ብላ ቀበቶውን ወረወረችው።

“አልኩዎት እኮ” አለ ሙነወር ሳቁን እየዋጠ።

“ምን ያስቅሃል? እኔስ ሰው ነኝ፣ ለምን እንደነዘረኝ አውቃለሁ። እሱ ምን ብሎ ይረዳዋል?”

እሱ የተባለው ዳኘው ነው። ቡላ፣ ደረተ ሰፊ፣ ግራ ጆሮውን ከጅብ ሲታገል ያስቀደደ ውሻ፤ ከላሞቹ በረት ደጃፍ ተጋድሞ ሁለቱንም በከፊል ዓይኑ ያያቸዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህንን ሽቦ አለማለፍ ካልተማረ እንደሚገደል ማን ይንገረው!

የማሪቱ ግቢ ዳንግላ ዳር ነው፣ የጋሪው መንገድ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ገጠር በሚወርድበት። አጠገቧ ባለጋሪው ዘመኑ ይኖራል። በሁለቱ ግቢ መካከል እስከ መንገዱ ድረስ የምትዘልቅ አራት እርምጃ የምትሰፋ መሬት አለች። አንዲት ላም ተኝታባት ብትገላበጥ ጅራቷ ከድንበር ይወጣል። ለዚች መሬት የማሪቱ ባል ደሞዝና ዘመኑ መካሰስ ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆነ። ሁለት ጤነኛ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን አብረው ክርስትና ያስነሱ ሰዎች! ሽማግሌ ተቀምጦ ለደሞዝ ፈረደ። ዘመኑ አልቀበልም ብሎ ወደ ወረዳ ወሰደው። ወረዳው ደግሞ ፋይሉ እስኪዘጋ ማንም እንዳያጥርባት፣ ማንም እንዳይተክልባት ብሎ አገደ። ደሞዝ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ፋይሉ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አለ።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱ ሰሞን ደሞዝ ከጥሊሊ ገበያ አንድ ቡችላ በጋቢው ሸፍኖ መጣና ስሙን ዳኘው አለው። በዚህ አገር ለውሻ ስም የሚወጣው ጎረቤት እንዲሰማው ነው። ደሞዝ በየጠዋቱ ከግቢው ጠርዝ ቆሞ “ዳኘው! ና ዳኘው!” ይላል፣ ቡችላው እግሩ ሥር ተኝቶ እያለ እንኳ። ዘመኑም ገብቶታል። ያንን ስም አንድ ቀን በአፉ ጠርቶት አያውቅም፣ “ያ ውሻ” ነው የሚለው። ውሻውም ጠቡን ከጌታው ወረሰ። የዘመኑ ጋሪ በወጣ ቁጥር አራቷን እርምጃ በአንድ ዝላይ አልፎ የፈረሱን እግር ያሳድዳል። ደሞዝ በሕይወት ሳለ ይህንን እያየ ይስቅ ነበር፣ አፈር ይቅለለውና።

ከወር በፊት ግን ሳቁ አበቃ። ፈረሱ በርግጎ ጋሪው ተገለበጠና የዘመኑ ሚስት ሸጋ እግሯ ተሰበረ። መጀመሪያ ደርሳ ያነሳቻት ማሪቱ ነበረች፣ ግን ይህ የማንንም ንዴት አላበረደም። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ የሚመሯቸው አያ ምህረቴ እንዲህ ሲሉ ቆረጡት፦ “ሁለት ሳምንት ሰጥተንሻል። የዛሬ አሥራ አምስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ባለንበት ዘመኑ ጋሪውን ያወጣል። ውሻው ከይዞታሽ ከወጣ የቀበሌው ጥበቃ ወገኔ እዚያው ይተኩስበታል። ካልወጣ ይኖራል። ተስማምተሻል?”

“ተስማምቻለሁ” አለች ማሪቱ። ምን ትበል!

በሰንሰለት እሰሪው ያሏት ነበሩ። ከዳኘው በፊት የነበረውን ውሻ አስረውት ነበር፤ ጠዋት ሲነሱ ጅብ ሰንሰለቱን ብቻ ትቶላቸው ሄዷል። አጥሪ እንዳይባል ደግሞ መታጠር ያለበት በዚያች በታገደችው በኩል ነው፤ ከሷ ወዲህ ብታጥር መሬቷን ለቀቀች ይባላል። ልጆቿ እንጅባራ አግብተው ወጥተዋል። ግቢው ውስጥ ከላሞቹ በቀር ከሷ ጋር የሚኖረው ዳኘው ነው፣ ደሞዝ በሞተ ጊዜ ስምንት ቀን እህል ያልቀመሰው ዳኘው። ትወደዋለች። ለውሻ እንዲህ ይኮናል ወይ የሚላት ቢኖርም ትወደዋለች።

ሙነወርን ያገኘችው ስልኳን ልታሠራ ሄዳ ነው። ከመስጊዱ ማዶ ባለች ሱቁ ራዲዮና ስልክ ይጠግናል። ጭንቀቷን ስትነግረው ከመደርደሪያው ጫፍ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ። ከአዲስ አበባ ከተቀላቀለ ዕቃ ጋር መጥቶለት ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው ሰው ያጣ ነገር ነው። ሽቦው መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ጫፉ ከግድግዳ ከተሰቀለች ትንሽ ሳጥን ጋር ይያያዛል። ውሻው ወደ ሽቦው ሲጠጋ ቀበቶው ይጮህበታል፣ አልመለስ ካለ ይነዝረዋል። ሙነወር ወረቀቱን በስልኩ እያስተረጎመ ቁጭ ብሎ አነበበላት። ዕቃው ሥራ አግኝቶ ለማየት ከሷ ይልቅ የጓጓው እሱ ነበር።

ሽቦውን አንድ ስንዝር ቆፍረው ከታገደችው መሬት ወዲህ፣ በማሪቱ በኩል ቀበሩት። ወረቀቱ ውሻው ድንበሩን በዓይኑ እንዲያይ ምልክት ይቁም ስለሚል ከጓሮዋ የዲከረንስ ዛፍ ቅርንጫፍ ሠላሳ ሁለት ችካል ጠርባ በየጫፋቸው ከማዳበሪያ ጆንያ የቀደደችውን ነጭ ቁራጭ አሰረች። ሙነወር የውሻ ምራቅ ከነካው ሳይታጠብ ስለማይሰግድ ሁልጊዜ አሥር እርምጃ ርቆ ነው የሚያዘው። “ይሳቡት! አሁን! አይቆጡት፣ ሥጋውን ይስጡት!” እያለ ከሩቅ ይጮሃል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በድምፅ ብቻ አስተማረችው። በገመድ ይዛው ወደ ነጩ ትጠጋለች፣ ጢጥ ሲል “ግባ! ግባ!” ብላ እየሳበችው ወደ በረቱ ትሮጣለች፣ ከዚያ የሳንባ ቁራጭ ታጎርሰዋለች። በዚህ ዕድሜዋ! መንገድ አላፊው ቆሞ ይስቅባታል። በአራተኛው ቀን ሙነወር ንዝረቱን ከፈተው። ዳኘው ጢጥ እያለው አንድ እርምጃ አለፈና የሰው በሚመስል ድምፅ ጮኸ። በረቱ ውስጥ ገብቶ ከግርግሙ ሥር ተሸጎጠ፣ እስከ ማታም ከእጇ አልበላ አላት። ዓይኑንም ከሷ አሸሸ። “ለሕይወትህ ብዬ እኮ ነው” እያለች ከበረቱ ደጃፍ ተቀምጣ አለቀሰች።

በስድስተኛው ቀን ግን ነጩን ሲያይ ሳይጮህበት በራሱ ይመለስ ጀመር። ሙነወር ደስታውን አልቻለም፣ እንዲያም ሆኖ አስጠነቀቃት። “ችካሎቹን አሁን እንዳይነቅሉ። በየቀኑ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚነቀሉት። ገና ጨርቁን ነው ያወቀው፣ ቦታውን አላወቀም።”

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ላም እያለበች ሳለ ሽቦው ሲቆረጥ የምትጮኸው ሳጥን ኡኡ አለች። ማሪቱ ማለቢያውን ጥላ ወጣች። ዘመኑ ዶማ ይዞ ከችካሎቹ አጠገብ ቆሟል፣ በእጁ የተቆረጠ ሽቦ ይዟል።

“ደሞዝ በሽማግሌ ያልወሰደውን አንቺ በሽቦ ልትወስጂው?” አለ።

“ያንተን አልነካሁም! የቀበርኩት ከምልክቱ ወዲህ ነው!”

“ምልክት! ማን ቀያሽ መጥቶ ነው ምልክት ያቆምሽው? ደግሞ ከሽቦው ጋር ምን እንዳስቀበርሽበት እግዜር ይወቀው፣ ፈረሴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ አልጠጣ ብሏል!”

“የውሻ አጥር ነው አንተ ሰው! የውሻ!”

“የማይታይ አጥር?” አለ ዘመኑ፣ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። “የማይታይ አጥር የሚያጥረው የሚሰርቅ ሰው ነው።”

ይህንን ስሕተት ሌላ አገር ማን ይሳሳተዋል? እዚህ ግን ነጭ ነገር በችካል ላይ ሲውለበለብ ያየ ሁሉ መሬት ተለካ ብሎ ነው የሚደነግጠው፤ ድንበር ላይ የተቆፈረ አፈር ያየ ደግሞ ድግምት ተቀበረ ይላል። አያ ምህረቴ ተጠርተው መጡ። ሽቦውን በምርኩዛቸው እየነካኩ ዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

“ሽቦው በሷ መሬት ውስጥ ስለሆነ ይቀመጥ” አሉ። “ችካሎቹ ግን ዛሬውኑ ይነቀሉ። በክስ ላይ ባለ መሬት ጠርዝ ነጭ ምልክት ቆሞ ከከረመ ነገ ሌላ ክስ ይወልዳል።”

“አያ ምህረቴ፣ በማርያም! እስከ እሑድ ብቻ ይተዉልኝ። ውሻው እነሱን እያየ ነው የሚቆመው።”

“ተነቅሎ ይደር ብያለሁ።”

ሠላሳ ሁለቱንም በገዛ እጇ ነቀለቻቸው። ዳኘው እየተከተላት ባዶዎቹን ጉድጓዶች ያሸታል። ሙነወር የተቆረጠውን ሽቦ ቀጥሎላት ሄደ።

በቀረው ሳምንት ላሞቹን እንኳ በቅጡ አላሰማራችም። ጠዋት ገመድ፣ ቀትር ገመድ፣ ማታ ገመድ። ዳኘው አንዳንዴ ቦታውን ያስታውሳል፣ አንዳንዴ ዓይኑ ነጩን ሲፈልግ ይዘነጋና ይነዘራል። ቅዳሜ ዕለት ያለ ገመድ ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ሁለት ጊዜ ቆመ፣ አንድ ጊዜ አለፈ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ መብራት ሄደ። ማሪቱ የሳጥኗን አረንጓዴ መብራት ጠፍቶ አየችው። ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ለሙነወር ደወለችለት። እሱም ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የባጃጅ ባትሪ ታቅፎ ደረሰና ሁለት ገመድ አገናኝቶ አረንጓዴዋን አበራት። “እንግዲህ አላህ ያውቃል” አለና ላቡን ጠረገ።

ሰዉ በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ቆመ። ወገኔ አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ ከአያ ምህረቴ ጎን ቦታውን ያዘ። ሸጋ በጀሶ የታሰረ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ከግቢዋ በር ላይ ተቀምጣለች። ማሪቱ ከበረቱ ደጃፍ ናት፣ እንዳትጠራውም እንዳትይዘውም ታዝዛለች። ዳኘው አጠገቧ ቆሞ ጆሮውን ቀስሯል።

ጋሪው ወጣ። ዘመኑ እንደ ልማዱ አለንጋውን አንዴ አጮኸው። ዳኘው ተወረወረ።

ማሪቱ እርምጃውን በዓይኗ ተከተለች። ችካሎቹ በነበሩበት ሲደርስ አንገቱ ወደ ጎን ዞረ፤ ነጩን እየፈለገ ነበር። አጣው። ጢጥ ጢጥ ሲል የፊት እግሮቹን ወደፊት ተክሎ ለመቆም ሞከረ፣ አፈሩም ተቧጠጠ፣ ግን ሩጫው ገፋው። ነዘረው። እየጮኸ ወደፊት ዘለለና ሽቦውን ተሻግሮ በታገደችው መሬት መሐል ወደቀ። ተነሥቶም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ጋሪው ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ቀርቶታል፣ ፈረሱ ፊት ለፊቱ ነው፣ እሱ ግን አራት እግሩን ሰብስቦ ይንቀጠቀጣል።

ወገኔ ጠመንጃውን አነሣ።

“አልወጣም!” አለች ማሪቱ እየሮጠች። “ሽማግሌ የፈረደልን መሬት ላይ ነው! አልወጣም!”

“ቆይ ወገኔ” አሉ አያ ምህረቴ። ምርኩዛቸውን ተክለው ብዙ ካሰቡ በኋላ ተናገሩ። “ቃላችን ከይዞታዋ ከወጣ ነው። ይቺ መሬት ደግሞ ክስ ላይ ናት። ክስ ላይ ያለ መሬት የማንም ይዞታ አይባልም፣ እንደዚያ ከሆነ ውሻው ወጥቷል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ዘመኑ፣ አንተ በሕዝብ ፊት ተናገር። ውሻው የቆመው በማን መሬት ላይ ነው?”

ዘመኑ “የሷ ነው” ካለ ሰባት ዓመት የተሟገተበትን በአንድ ቃል መጣሉ ነው። ማሪቱ ይህንን ሰው ታውቀዋለች። እንደማይለው ታውቃለች። ዘመኑ ወደ ሚስቱ እግር አየ፣ ወደ ውሻው አየ።

“የኔ መሬት ላይ ነው” አለ።

ማሪቱ የጠመንጃው መቀባበል ተሰማት። ወዲያው ግን ዘመኑ ከጋሪው ዘሎ ወረደና በወገኔና በውሻው መካከል ገባ።

“ምን ልታደርግ ነው? የኔ መሬት ነው አልኩ እኮ! በኔ መሬት ላይ ማን ፈቅዶልህ ነው የምትተኩሰው?”

ሰዉ አጉረመረመ። አያ ምህረቴ ፂማቸውን እየዳበሱ ወደ ማሪቱ ዞሩ። “ሰማሽ? መሬቷ የሱ ናት ካልሽ ባለመሬቱ ከልክሏልና ውሻሽ ይተርፋል። የኔ ናት ካልሽ ክሱ እንዳለ ነው፣ ቃላችንም እንዳለ ነው። ምን ትያለሽ?”

ደሞዝ የተፈረደለት ቀን ከመንገድ ጀምሮ እየዘፈነ እንደገባ ትዝ አላት። በሳጥን ያስቀመጠው የወረቀት ክምር ትዝ አላት፤ በሕመሙ ጊዜ እንኳ “መሬቷን እንዳትለቂ” ሲላት እሺ ማለቷም። ለሞተ ሰው የገባችው ቃል በአንድ በኩል፣ የሚንቀጠቀጠው ነፍስ በሌላ በኩል። ይቅር በለኝ ደሞዝ፣ አለች በሆዷ።

“የሱ ናት” አለች ጮክ ብላ። “መሬቷ የዘመኑ ናት። ሁላችሁም ስሙልኝ።”

ወገኔ ጠመንጃውን አወረደ። ማሪቱ ወደ ሽቦው ተጠግታ እጇን ዘረጋች። “ዳኘው፣ ና። ና አባቴ።”

አንድ እርምጃ ተራመደ። ጢጥ ሲል እያለቀሰ ወደ ኋላ ሸሸ።

“ተመልሶ አይገባም” አለ ሙነወር ከሩቅ። “ከዚያ ወዲህ ሲመጣም ይነዝረዋል። ቀበቶው መፈታት አለበት።”

ልትሻገር እግሯን አነሣች። ዘመኑ በእጁ አገዳት። “ተይ፣ እኔ ቅርብ ነኝ” አለና ወደ ውሻው ተንበርክኮ ቀረበ። ዳኘው ጥርሱን አሳየው። ዘመኑ ፈረሱ ሲደነግጥበት በሚያናግረው በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ በአዊኛ ጥቂት አባበለው፤ ውሻው ማጉረምረሙን አላቆመም። ከዚያ አምስት ዓመት በአፉ ያልዞረውን ስም ጠራው።

“ዳኘው” አለ። “ና ዳኘው።”

ማጉረምረሙ ቆመ። ዘመኑ ቀበቶውን ፈታ፣ ውሻውን እንደ ግልገል ታቅፎ ሽቦውን ተሻገረና ከማሪቱ እግር ሥር አስቀመጠላት። የደሞዝ ቀብር ዕለት እንኳ ከበር የተመለሰው ሰው ከግቢዋ መሐል መቆሙን ያወቀው ካስቀመጠው በኋላ ነው። ቀበቶውን ለሙነወር ሲዘረጋለት ሙነወር እጁን ወደ ኋላ ስቦ “መሬት ላይ ጣልልኝ” አለው።

ማሪቱ ከዳኘው አንገት ላይ ሁለት ቀያይ ነጥቦች አገኘችና በጣቷ ዳበሰቻቸው። “መሬቷን እንደሆነ አገኘሃት” አለችው ቀና ሳትል። “ግን ያኔ ‘የኔ ነው’ ስትል እኔ ምን እንደምል አታውቅም ነበር። ለምን ብለህ ጠመንጃ ፊት ቆምክ?”

ዘመኑ ልብሱ ላይ የቀረውን የውሻ ጠጉር አራገፈ። “ደሞዝ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነው” አለ። “እሱንም ገድዬ ከማን ጋር ልጣላ?” ፊቱንም አዞረ። ማሪቱም አለቀሰች፣ ደሞዝ ከተቀበረ ወዲህ እንደዚያ አልቅሳለት አታውቅም።

ዘመኑ አራት እርምጃዋን መሬት በዓይኑ ለካት። “ነገ አጥራታለሁ። ረጅም አጥር፣ የሚታይ አጥር፣ ለሱም ለፈረሴም የሚበጅ። ያንን የሚናደፍ ነገር ግን ሁለተኛ እንዳታስሪበት።”

“ዲከረንሱን ከኔ ጓሮ ቁረጥ” አለችው ማሪቱ።